ሃውሲንጌ ሳይወድቅ ለምን ተሰነጠቀ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የካሜራዬ ሃውሲንግ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚከተትበት ውሃ የማያስገባ ሣጥን፣ አካሉ ብርሃን አሳላፊ ፖሊካርቦኔት ነው፤ የፊት መስኮቱ ማለትም ፖርቱ ደግሞ አክሪሊክ ነው። ሁለት ዓመት ተጠቀምኩበት። ወድቆ አያውቅም፤ ከተፈቀደለት ጥልቀት በታችም ወርጄበት አላውቅም። ካለፈው ጉዞ ስመለስ ግን በብሎኖቹና በመቆለፊያው ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የሚያብረቀርቁ መስመሮች አየሁ። ፖርቱም ከውስጥ በኩል የሸረሪት ድር መስሏል። ከመጥለቄ በፊት የፀሐይ ክሬምና የትንኝ መከላከያ እቀባለሁ። ጉም እንዳይዘው ፖርቱን ከውስጥ ስፕሬይ እነፋዋለሁ። ቤት ስገባ በመስታወት ማጽጃ እወለውለዋለሁ። ምን አጠፋሁ? ከዚህ በኋላስ ልጠቀምበት እችላለሁ?»

አስቸኳዩን ላስቀድም። በዚህ ሃውሲንግ ካሜራ ይዘው ውሃ አይግቡ። በብሎንና በመቆለፊያ ዙሪያ የሚወጣ እንዲህ ያለ መስመር ጭረት አይደለም፣ ስንጥቅ ነው። ዛሬ ውሃ ባያስገባም መቼና የት ላይ እንደሚከፈት ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ፖርቱ ለብቻው ሊቀየር ይችላል። ስለ አካሉ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። የውሃ ውስጥ ካሜራ ዕቃ ስጠግን ዓመታት ተቆጥረዋል። ተሰንጥቀው ከሚመጡልኝ ሃውሲንጎች ብዙዎቹ እንደ እርስዎው ወድቀው አያውቁም። ባለቤቶቹም ግድ የለሽ ሰዎች አይደሉም፤ ዕቃቸውን የሚወለውሉ፣ ግሪስ የሚቀቡ፣ ከጉዞ መልስ አጥበው የሚያስቀምጡ ናቸው። ሳያውቁት የጎዱት በዚያው እንክብካቤ ነው። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ቀድሞ የነገራቸው ቢኖር ዕቃው ይተርፍ ነበር።

ያ አንድ ነገር ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ የሚሰነጥቀው በአብዛኛው ኬሚካል ብቻውን አይደለም። ኬሚካልና ውጥረት አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ነው የሚሰነጠቀው።

ፖሊካርቦኔትም አክሪሊክም በውስጣቸው እንደተጠላለፈ ፈትል ናቸው። ረጃጅም ሞለኪውሎች ያለ ሥርዓት ተወሳስበው፣ እርስ በርስ ተያይዘው ይቆማሉ። ጥንካሬያቸው የሚመጣው ከዚህ መወሳሰብ ነው። አንዳንድ ፈሳሾች በክሮቹ መሀል ሰርገው ይገቡና መያያዛቸውን ያላላሉ። ፕላስቲኩን የሚጎትተው ነገር ከሌለ ፈሳሹ ተንኖ ሊሄድ ይችላል፤ ምንም አልሆነም ያሰኛል። ፕላስቲኩ ተወጥሮ ከሆነ ግን የላሉት ክሮች ይንሸራተታሉ። በመሀላቸው ለዓይን የማይታዩ ክፍተቶች ይፈጠራሉ፤ ክፍተቶቹ ይገናኛሉ፤ በመጨረሻ እርስዎ ያዩት መስመር ይሆናሉ።

ይህን ለማሳየት የምሠራው ትንሽ ሙከራ አለኝ። ከተጣለ የአክሪሊክ ቁራጭ ጣት የሚያህሉ ሁለት ስስ ዘንጎች እቆርጣለሁ። አንዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እተወዋለሁ። ሌላውን ቀስ ብዬ አጎብጬ ጫፎቹን አስራለሁ። ከዚያ በሁለቱም ላይ አልኮል የነካ ጥጥ አስቀምጣለሁ። የተዘረጋው ላይ አልኮሉ ይተንናል፤ እንደነበረ ነው። የጎበጠው ላይ ግን ብዙም ሳይቆይ፣ በሚለጠጠው በውጪው ወገን፣ ቀጫጭን የብር መስመሮች ጎን ለጎን ይወጣሉ። ፕላስቲኩ አንድ ነው፤ አልኮሉም አንድ ነው። ልዩነቱ መጉበጡ ብቻ ነው።

«እኔ ሃውሲንጌን መች አጎበጥኩት?» ሊሉ ይችላሉ። ሃውሲንግ ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንኳ የተወጠረ ዕቃ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት ቅርጽ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ፣ አንዱ ክፍል ከሌላው ቀድሞ ስለሚደርቅ ውጥረቱ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ብሎን ሲጠብቅ በቀዳዳው ዙሪያ ሌላ ውጥረት ይጨመራል። መቆለፊያው ሲዘጋ ደግሞ ማጠፊያውንና ጠርዙን ይጎትታል። ለዚህ ነው መስመሮችዎ በብሎንና በመቆለፊያው ዙሪያ የወጡት።

ከዚህ ላይ ጥልቀቱ ይመጣል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ገደማ ግፊት ይጨመራል። የሃውሲንግዎ የኋላ ክዳን 15 በ10 ሴንቲሜትር ነው እንበል። 40 ሜትር ላይ ከውጪ የሚጫነው ከ600 ኪሎ በላይ ነው፤ ስድስት ኩንታል ማለት ነው። 8 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ፖርት ደግሞ ሁለት ኩንታል ያህል ይሸከማል። ውስጡ ያለው አየር እርስዎ ሲዘጉት የነበረው ስለሆነ ከውስጥ የሚያግዝ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ የእርስዎ ፖርት ከውስጥ በኩል ድር የሠራበትንም ምክንያት የሚያስረዳው ይኸው ነው። ጠፍጣፋ ፖርት ከውጪ ሲጫን ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ሲጎብጥ የውጪው ፊት ይጨመቃል፤ የሚለጠጠው የውስጡ ፊት ነው። ስንጥቅ የሚወደው ደግሞ የሚለጠጠውን ፊት ነው። እርስዎ የጉም ስፕሬዩን የነፉት በትክክል እዚያ ላይ ነው። ውጪው ላይ ያረፈ ኬሚካል ቢያንስ በባሕር ውሃ ይታጠባል። ውስጡ ላይ የተነፋው ግን ታሽጎ ፖርቱ በሚለጠጥበት ሰዓት ሁሉ አብሮት ይቆያል።

አሁን የጠቀሷቸውን አንድ በአንድ ልያቸው።

የትንኝ መከላከያው ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል። ብዙዎቹ ዲት የሚባል ኬሚካል አለባቸው። ዲት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1946 ለአሜሪካ ጦር ተሠርቶ ከ1957 ጀምሮ ለሕዝብ ቀረበ፤ ትንኝን በማባረር ዛሬም የታመነ ነው። ጥጥ፣ ሱፍና ናይለን አይነካም። ብዙ ፕላስቲኮችን ግን ያለሰልሳል፣ ያቀልጣልም። አንድ ጊዜ የመጣልኝ ሃውሲንግ መያዣው ላይ የባለቤቱ አውራ ጣት አሻራ መስመር በመስመር ታትሞ ነበር። ብወለውለው አይለቅም፤ ፕላስቲኩ ለስልሶ አሻራውን ተቀብሎ ደርቆበታል። ሰውየው መከላከያውን እግሩ ላይ ነፍቶ፣ እጁን ሳይታጠብ ሃውሲንጉን አንስቶ ነበር። በቃ ይኸው ነው። ትንኝ ባለበት ቦታ መከላከያ ይተዉ አልልም፤ ጤና ይቀድማል። ፒካሪዲን ያለበትን ዓይነት ካገኙ እሱን ይምረጡ፤ ፕላስቲክ በማቅለጥ አይታወቅም። የትኛውንም ቢቀቡ ግን እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ዕቃውን አይንኩ።

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል፦ «መከላከያው የሚሸጠው በፕላስቲክ ጠርሙስ አይደል? ጠርሙሱን ካልጎዳ ሃውሲንጌን እንዴት ይጎዳል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። በእነዚህ ውስጥ ሞለኪውሎቹ በከፊል ተደርድረው ስለሚታሸጉ እንዲህ ያለ ፈሳሽ በቀላሉ አይገባባቸውም። ግን እንደ መስታወት የጠሩ አይደሉም። ፖሊካርቦኔትና አክሪሊክ የጠሩት ባለመደርደራቸው ነው፤ የሚጎዱትም በዚያው ምክንያት ነው። በስም ሁሉም ፕላስቲክ ይባላሉ እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው።

የፀሐይ ክሬሙ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። አቮቤንዞን፣ ኦክቶክሪሊን፣ ኦክሲቤንዞን የመሳሰሉት የፀሐይ ጨረር ማጣሪያዎች በቅባት ውስጥ የሚሟሙ ናቸው፤ ሳይተንኑም ፕላስቲክ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። አልኮል በደቂቃ ተንኖ ይሄዳል። ክሬም ግን ከጧት እስከ ማታ በመቆለፊያው ክፍተቶች ውስጥ ይቀመጣል። በሙቀት ደግሞ ሥራው ይፈጥናል። «የእኔ የማዕድን ክሬም ነው፣ ዚንክ ነው» የሚሉ አሉ። ዚንክ ኦክሳይዱ ራሱ ፕላስቲኩን አይጎዳም፤ የሚበጠበጥበት ቅባት ግን አለ። የእኔ ምክር ቀላል ነው። ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ከለበሱ የሚቀቡት ቦታ ያንሳል። የቀረውን ውሃ ከመግባትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ይቀቡ፤ ከዚያ መዳፍዎንና ጣቶችዎን በሳሙና ይታጠቡ። በፎጣ መጥረግ መታጠብ አይደለም።

የጉም መከላከያ ስፕሬዩን በተመለከተ፣ ለጭምብል የተሠራ ነገር ሃውሲንግ ውስጥ አይግባ እላለሁ። የጭምብል መስታወት እውነተኛ መስታወት ነው፤ አይሰነጠቅበትም። ብዙ የጉም መከላከያዎች ግን አልኮል ወይም ሌላ ማሟሟያ አላቸው። ብዙ የሃውሲንግ መመሪያዎችም ከገበያ የተገዛ ጉም መከላከያ፣ ቲነር፣ ዝገት ማስለቀቂያና ማጣበቂያ እንዳይነካቸው ያስጠነቅቃሉ። መመሪያውን ከካርቶኑ ሥር አውጥተው ያንን ገጽ ያንብቡት።

የመስታወት ማጽጃው ላይ ሁለት ጠላቶች በአንድ ጠርሙስ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አሞኒያና አልኮል። አልኮል አክሪሊክን ምን እንደሚያደርግ በሙከራው አይተናል። ፖሊካርቦኔት አልኮልን ለአጭር ጊዜ ከአክሪሊክ የተሻለ ይችላል። አሞኒያ ግን ለፖሊካርቦኔት ክፉ ነው፤ ክሮቹን በማላላት አያበቃም፣ ራሱን ክሩን ይበጥሰዋል። ጠንካራ የምድጃና የወለል ማጽጃዎችም አልካላይ ስለሆኑ እንደዚያው ናቸው። በረኪናም ይቅር። «ለመስታወት» ተብሎ የተጻፈበት ነገር ለመስታወት ነው፤ ፖርትዎ መስታወት ይመስላል እንጂ አይደለም።

እንግዲህ አራቱም አብረው ሠርተዋል ማለት ነው። አካሉን በብሎኑ ዙሪያ ያገኙት ክሬሙ፣ ዲቱና ማጽጃው ይሆናሉ። ፖርቱን ከውስጥ ያገኙት ስፕሬዩና ማጽጃው ናቸው። የትኛው ስንት እጅ እንደሠራ መለየት አይቻልም፤ አያስፈልግምም።

ያልጠየቁኝ ግን ላልፈው የማልችለው አለ። ብሎን እንዳይላላ የሚቀባው ፈሳሽ ማጣበቂያ ለብረት የተሠራ ነው። አንድ ጠላቂ የሃውሲንጉ እጀታ ብሎኖች እየላሉ አስቸገሩት። አራቱንም በዚህ ማጣበቂያ ቀብቶ አጠበቃቸው። በማግስቱ ከእያንዳንዱ ብሎን ቀዳዳ እንደ ፀሐይ ጮራ ዙሪያውን መስመር ወጥቶ አገኘው። ያልደረቀው ፈሳሽ፣ በጣም የተወጠረ ቦታ፣ አንድ ሌሊት። ብሎን የሚላላብዎ ከሆነ ናይለን ያለበት ነት ይጠቀሙ፤ ወይም በየመጥለቁ መሀል በእጅ ይፈትሹት።

ቤንዚን ሌላው ነው። ቶሉኢንና መሰል ኬሚካሎች ስላሉበት ፖሊካርቦኔትን ክፉኛ ይጎዳል። ጀልባ ወለል ላይ የሚንቦጨረቀው ውሃ ብዙ ጊዜ ቤንዚንና ዘይት የተቀላቀለበት ነው። ቦርሳዎን ወለል ላይ አያስቀምጡት፤ የታችኛው ጨርቅ ጠጥቶ ወደ ዕቃው ያደርሳል። የተቀደደ የመጥለቂያ ልብስ የሚጣበቅበት ማስቲሽም እንደዚሁ ማሟሟያ አለው፤ ከሃውሲንግ ጋር በአንድ ቦርሳ አይጓዝ። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሁሉም ይብሳል። ሳኒታይዘር እጅ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፖርት አይያዝበት። የተለጠፈ ነገር ማስለቀቂያ ስፕሬይ አይነፋ፤ ተለጣፊው ካልለቀቀ ለብ ባለ ሳሙና ውሃ ዘፍዝፈው በትዕግሥት በጣት ይላጡት።

ቀስ ብሎ የሚጎዳ አንድ ነገር ልጨምር። ለስላሳ ፒቪሲ፣ ማለትም አዲስ ሲሆን ጠንከር ያለ ሽታ ያለው የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ፣ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ዘይት አለው። ያ ዘይት በጊዜ ብዛት ወደ ነካው ፕላስቲክ ይሻገራል። ሃውሲንግዎን በእንዲህ ዓይነት ከረጢት ጠቅልለው ለወራት ካስቀመጡት የነካካው ቦታ ተጣብቆ ወይም ደብዝዞ ያገኙታል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ናፍታሊን ያለበት ቁምሳጥን ውስጥም አይግባ።

ስለ ኦሪንግ፣ ማለትም ውሃ እንዳይገባ ስለሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ ብዙ ስለተወራ አጠር ላድርገው። ኦሪንግ ሁሉ አንድ ዓይነት ጎማ አይደለም። ናይትራይል አለ፣ ኢፒዲኤም አለ፣ ሲሊኮን አለ። የሲሊኮን ግሪስ ለናይትራይልና ለኢፒዲኤም ጥሩ ነው፤ ሲሊኮን ኦሪንግን ግን ሊያሳብጠው ይችላል። ያበጠ ኦሪንግ ይረዝማል፣ ከቦዩ ውስጥ ይወጣል፣ ክዳን ሲዘጋ ይቆነጠጣል። ቫዝሊን ደግሞ ኢፒዲኤምን ያሳብጣል። ስለዚህ ከሃውሲንጉ ጋር የመጣውን ግሪስ ይጠቀሙ፤ ቀለሙን አይተው አይገምቱ። ብዛቱ ጎማው እንዲያብረቀርቅ ብቻ ነው። ስፕሬይ ሆኖ የሚመጣ ሲሊኮን ግን በፍጹም አይጠጋው። ሲሊኮኑ ሳይሆን ከቆርቆሮው የሚገፋው ጋዝና ማሟሟያው ነው ፕላስቲኩን የሚሰነጥቀው።

አሁን በምን ይጽዳ ለሚለው። ከውሃ እንደወጡ ጨው ሳይደርቅ በንጹሕ ውሃ ይዘፍዝፉት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል። እዚያው ውሃ ውስጥ እያለ ቁልፎቹን ሁሉ ደጋግመው ይጫኑ፤ በዘንጎቹ ዙሪያ የገባው ጨው የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ያዘጋጁ። አንድ ጠብታ ለስላሳ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ፤ አንድ ጠብታ ነው ያልኩት። ብሎን፣ ማጠፊያና መቆለፊያ ዙሪያውን በጣት ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይሹት። የክሬም ቅባት የሚለቀው በሳሙና እንጂ በውሃ ብቻ አይደለም። በመጨረሻ በብዙ ንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ይህችን አይዝለሏት። በብሎን ሥር የቀረ ሳሙና ውሃው ሲተን እየወፈረ ይሄዳል፤ የሚወፍረውም በጣም በተወጠረው ቦታ ላይ ነው።

ሙቅ ውሃ አይጠቀሙ። ፖሊካርቦኔት 100 ዲግሪን በደረቁ ይችላል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ግን ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፣ በተለይ ከ60 ዲግሪ በላይ። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሙቀትና አልካላይ ሳሙና አንድ ላይ ስለሆነ ጨርሶ አይታሰብ። ዕቃው ከታጠበ በኋላ በጥላ ይድረቅ። ደረቅ ጨርቅ ደረቅ ፖርት ላይ አይሹ፤ የቀረ የጨው ቅንጣት እንደ አሸዋ ወረቀት ይሆናል። ማይክሮፋይበሩን አርጥበው በቀስታ ጠብ ጠብ ያድርጉት።

ስለ ጋራ ማለቅለቂያ ገንዳ አንድ ነገር ልበል። ጀልባ ላይ ሁሉም ጭምብሉን፣ ካሜራውን፣ ፊቱንም የሚነክርበት ገንዳ አለ። ፀሐይ ሲያርፍበት ዝቅ ብለው በአግድም ይዩት። ላዩ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ይታያል። ያ የሰው ሁሉ ክሬምና ስፕሬይ ነው። ሃውሲንግዎን ሲያወጡ በዚያ ሽፋን ውስጥ አልፎ ነው የሚወጣው፤ ሙሉ በሙሉ ይቀባል። እኔ ተጣጣፊ የራሴን ባልዲ ይዤ እሄዳለሁ። ትንሽ ያስቸግራል፤ ግን ይህን ካየሁ በኋላ ወደ ገንዳው መመለስ አልቻልኩም።

ስፕሬዩን ከከለከልኩ ጉሙን ምን እናድርገው? ጉም የሚመጣው ውስጥ ታሽጎ ከቀረው እርጥበት ነው። ካሜራው ሲሠራ አየሩን ያሞቃል፤ ፖርቱ በባሕሩ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ እዚያ ላይ ይጤዛል። ስለዚህ እርጥብ አየር አያሽጉ። ሃውሲንጉን ቀዝቀዝና ደረቅ ባለ ክፍል፣ በደረቀ እጅ ይዝጉት። ፀጉርዎ እየተንጠባጠበ ጀልባ ላይ አይክፈቱት። እርጥበት የሚመጥ አዲስ ደረቅ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ካሜራውን በማይነኩበት ጥግ ያስገቡ። ከረጢቱ ባለፈው ሳምንት የገባው ከሆነ ጠግቧል፣ አይሠራም። የመጥለቂያ ጋን አየር በጣም ደረቅ ነው። ጀልባ ላይ የግድ መክፈት ካለብዎ ከመዝጋትዎ በፊት ከሱ ጥቂት በቀስታ መልቀቅ ይረዳል። ዕቃውን ፀሐይ ላይ አለማስጣትም ግማሽ መፍትሔ ነው።

አሁን ስለ ምርመራ፤ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ስንጥቅን ከጭረት እንዲህ ይለዩ። ጨለማ ክፍል ይግቡ፣ በባትሪ ከጎን ያብሩበት፣ ዕቃውን በእጅዎ ቀስ እያሉ ያዙሩት። ጭረት ከየትኛውም ወገን ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። ስንጥቅ ግን ውስጡ አየር ያለበት ገጽ ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ እንደ መስታወት ቦግ ይላል፤ ትንሽ ሲያዞሩት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ጭረትን ውሃ ቢነኩት ይደበዝዛል። ስንጥቅ እንዲያ በቶሎ አይጠፋም።

ሳይሰነጠቅ በፊት ውጥረቱን ራሱን ማየትም ይቻላል። ላፕቶፕዎ ኤልሲዲ ስክሪን ካለው ነጭ ገጽ ይክፈቱበት። ፎቶ አንሺ ነዎትና ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ፖላራይዘር ፊልተር አያጡም። ካሜራ ላይ በሚገጠምበት አቅጣጫ፣ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አድርገው በዓይንዎ ፊት ይያዙት፤ ስክሪኑ እስኪጠቁር ያዙሩት። ከዚያ ባዶውን ሃውሲንግ በመሀል ያስገቡ። በጥቁሩ ላይ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ ቀለሞች ይፈሳሉ። እነሱ የታሰረው ውጥረት ናቸው። በቅርጽ የተሠራ ፕላስቲክ ሁሉ ትንሽ ቀለም ያሳያል፤ አይደንግጡ። የሚያሳስበው በብሎን ዙሪያ ተጠጋግተው የሚደረደሩት ቀጫጭን የቀለም ቀለበቶች ናቸው። አንዱን ብሎን ሩብ ዙር ያላሉና እንደገና ይዩ፤ ቀለበቶቹ ሲሳሱ ያያሉ። እኔ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን የራሴን ዕቃ ብሎኖች ሁሉ ምን ያህል አጥብቄ እንደኖርኩ ገባኝ። ኦሪንግን የሚያሽገው የውሃው ግፊት ነው፤ ብሎኑ በቦታው እንዲቀመጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሲያስቀምጡትም መቆለፊያውን ሳይዘጉ ያስቀምጡት። ፕላስቲኩም ጎማውም ያርፋሉ።

ወደ እርስዎ ዕቃ ልመለስ። ፖርቱን አይወልውሉት፣ አይለጥፉት። አክሪሊክ ላይ ላይ ቢጫር በደቃቅ ማለስለሻ ይወጣል፤ የሸረሪት ድሩ ግን ወደ ውስጥ የገባ ነው። ሱፐር ግሉም ሆነ የአክሪሊክ ማጣበቂያ ስንጥቁ ላይ ቢደረግ ሌላ ስንጥቅ ይጨምራል፤ የአክሪሊክ ማጣበቂያ ራሱ ማሟሟያ ነውና። አዲስ ፖርት ይግዙ። አካሉን በባትሪው ብርሃን ይዩት። ከብሎን ቀዳዳ የተነሳ መስመር ወደ ኦሪንጉ ቦይ የሚያመራ ከሆነ፣ ወይም በመቆለፊያው ማጠፊያ ሥር ካለ፣ ያ ሃውሲንግ ሥራውን ጨርሷል። መስማት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ውስጡ የሚገባው ካሜራ ግን ከሱ ይበልጣል። መስመሮቹ ተነጥሎ በሚወጣ ክፍል ላይ ብቻ ከሆኑ፣ ለምሳሌ በውጪ በተሠራ የእጀታ ማሰሪያ ላይ፣ ክፍሉን ቀይረው አካሉን ማትረፍ ይችላሉ።

አዲሱ ፖርት ከገጠመ በኋላ መጀመሪያ ያለ ካሜራ ያጥልቁት። ካሜራው ስለሌለ ይንሳፈፋል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ የእርሳስ ክብደት ያስገቡበት። ዙሪያውን ደረቅ ሶፍት ይዘርጉ፤ ውሃ የገባበት ቦታ በሶፍቱ ላይ ይነበባል። በዕቃው የተፈቀደ ጥልቀት ውስጥ ሆነው፣ ብዙ ጊዜ ወደሚወርዱበት ይውሰዱት፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆዩና ቁልፎቹን ይጫኑ። ሲወጡ መጀመሪያ ሶፍቱን፣ ከዚያ በባትሪ ብርሃን የብሎኖቹን ዙሪያና የፖርቱን የውስጥ ፊት ይዩ። ሶፍቱ ደርቆ ፖርቱ ላይ ግን አዲስ መስመር ካዩ ካሜራውን አያስገቡ።